ከስንዴ በኋላ የተፈጨ ጤፍ

የልጅ ልጄ ስንዴ አትበላም። ስንዴ ብቻም አይደለም፤ ገብስም አይሆናትም፤ ከሁለቱ የተነካካ ነገር ሁሉ አይሆናትም። ይህን ስናገር ብዙው ሰው ይስቃል። «እንዴ አባባ፣ እህል ደግሞ ይጠላል?» ይሉኛል። አልጠላችውም እኮ። ድፎ ሲቆረስ ዓይኗ ከቢላዋው ጋር አብሮ ሲወርድ አይቻለሁ። አንጀቷ ነው እንጂ እሷስ አልጠላችም።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ንባብ እንደጀመርኩ አባቴ ለእርሻ ፈልጎኝ ወጣሁ። መጻፉን ግን አልረሳሁም። ስለዚህ ነገር መጻፍ ያለብኝም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ አራት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ምራቴና የልጅ ልጄ። የልጅቱ አባት፣ ልጄ ማለት ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መንገድ ሲከፈት ይሄዳል፣ ሲዘጋ የደረሰበት ይቀራል፤ ከቤት የምናገኘው አንዳንዴ ነው። እኔና ባለቤቴ ከጅጋ ወዲያ ካለው ገጠር ጉልበታችን ሲደክም ነው ወደ ከተማ የገባነው። መሬቱን አንድ ዘመዳችን በእኩል ያርሰዋል፤ ጤፋችን ከዚያ ይመጣል።

ልጅቱ ጡት እስክትጥል ድረስ ደህና ነበረች። እህል ስትጀምር ሆዷ እየተነፋ፣ ክንዷና እግሯ እየሰለለ መጣ። አንዱ ትል ነው አለ፤ አንዱ ዓይን ነው አለ። ጸበል ወሰድናት፤ የጤና ጣቢያውንም ሽሮፕ አጠጣናት። እንድትበረታ ብለን ደግሞ ጠዋት ጠዋት የገብስ በሶ በማር እየበጠበጥን እንሰጣት ነበር። «አንዲት ጉንጭ ብቻ፣ የእኔ እመቤት፣ አንዲት ጉንጭ» እያለች ባለቤቴ ጣሳውን እስከ ታች ታስጨርሳት ነበር። የሚጎዳትን ነገር በልመና ነበር የምናጠጣት።

ሰባት ዓመት ሲሆናት ባሕር ዳር ወሰድናት። ደሟን መረመሩ፣ በጉሮሮዋ ቀጭን ቱቦ አስገብተው አንጀቷን አዩ፣ በሽታዋንም ነገሩን። በቱቦው ጊዜ እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ያስቀረው ምልክት ሦስት ቀን ቆይቷል።

«ከስንዴና ከገብስ ትጠብቋታላችሁ» አለ ሐኪሙ።

«መድኃኒቱስ?» አለች ባለቤቴ።

«መድኃኒቱ ይኸው ነው እናቴ። አለመብላት ነው።»

«አለመብላት መድኃኒት ሲሆን ዛሬ ገና ሰማሁ» አለች ወደ እኔ ዞራ።

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ይሆናታል ሲለን ግን ሁላችንም ሳቅን። ጤፍ ከሆነማ! ጎጃም ተቀምጠን ጤፍ ልናጣ ነው? እያልን፣ እየተጫወትን ተመለስን።

ስንዴ የት የት እንዳለ ያየነው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ጤፋችን የተወቃው ከሳምንት በፊት ስንዴ በተወቃበት አውድማ ላይ ነው። ጆንያው ቀድሞ ገብስ ይዞ ነበር። ሽሮው የታመሰው ቆሎ በሚቆላበት ብረት ምጣድ ነው። እርሾ ሲጠፋብን ከጎረቤት እንዋሳለን፤ ጎረቤታችን ደግሞ ጤፏን ከስንዴ ጋር ደባልቃ ነው የምታቦካው። ምራቴ ቡሃቃውን፣ ወንፊቱን፣ የእንጨት ማማሰያውን ሳይቀር አንድ በአንድ አውጥታ ግቢው ላይ ደረደረችው፤ ቤት ልንለቅ የተሰናዳን እንመስል ነበር። «ለእሷ ብቻ እንለይ ብንል እንሳሳታለን፤ ሁላችንም እንተወው» አለች። ስለዚህ በእኛ ቤት ማንም ዳቦ አይበላም። እኔ ጠላም ተውኩ፣ ብቅሉ ገብስ ነው፤ ልጅቱ ጉንጬን ስትስመኝ እንዳይነካት ብዬ። ባለቤቴ ማኅበር ስትሄድ እንደምትቀምስ አውቃለሁ። በር ላይ በውኃ ተጉመጥምጣ ነው የምትገባው፤ እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ነገር፣ ስለ ቁርባኑ ማለቴ ነው፣ ከንስሐ አባታችን ጋር ቁጭ ብለን የተነጋገርነው አለ። እሱ በእኛና በእሳቸው መካከል ነውና እዚህ አልጽፈውም።

ከሱቅ የሚገዛውን መመርመር የምራቴ ፋንታ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። እሷ ሳይመቻት ግን እኔ እላካለሁ። ስለዚህ ከካርቶን ቆርጣ ስንዴ፣ ገብስና ብቅል የሚሉትን ሦስት ቃላት በእንግሊዝ ፊደል ጻፈችልኝ። እኔ ማንበብ አይደለም፣ ማመሳሰል ነው ሥራዬ። መነጽሬን አደርግና ካርቶኑን ከእሽጉ ጎን ይዤ፣ ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ እፈልጋለሁ። ፊደሎቹ ጉንዳን ያክላሉ። ባለሱቋ ትስቅብኛለች።

«አባባ፣ እንግሊዝኛውን ዘንድሮ ጀመሩት?»

«ሦስት ቃል ብቻ ነው የማውቀው፤ ሦስቱም ክፉ ናቸው።»

«ይኸ የሾርባ ዱቄት ታዲያ ምን ይላል?»

«አለበት። ሦስተኛው መስመር ላይ ተቀምጧል።»

«ኧረ በስመ አብ! ሾርባ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?»

«እኔም እሱን ነው የምለው።»

ብስኩትና ማካሮኒ የታወቀ ነው። ከረሜላ ላይ ሳገኘው ግን ደግሜ አመሳስላለሁ። ጽሑፉ የጠፋበትን፣ ወይም ባለሱቋ ራሷ በላስቲክ ያሰረችውን ምንም ቢሆን አልገዛም። ይህን ያህል ጥንቁቅ ነበርኩ። ይህንን የምጽፈው ለመመካት ሳይሆን፣ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ያደረገውን እንድታዩት ነው።

ቡሬ ወዳለች የልጆች ሐኪም በየሦስት ወሩ እንወስዳታለን። ስትጀምር አሥራ አምስት ኪሎ የነበረች ልጅ ስምንት ዓመት ሲሞላት አሥራ ሰባት ደረሰች። ለዕድሜዋ ትንሽ ነው፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነበር። ሐኪሟም ደስ አላት፤ ቢሆንም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እንዲህ አለችን።

«እንዲህ ከቀጠለች ቱቦውን እንረሳዋለን። ምግቧ ንጹሕ ሆኖ ኪሎዋ ከቆመ ወይም ከቀነሰ ግን ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው። እንደገና በቱቦ ትታያለች፤ ከበድ ያለ መድኃኒትም ይጀመርላታል። ይኸ ሰውነት ያንን መድኃኒት ባይነካው እመርጣለሁ።»

ልጅቱ ቱቦ የሚለውን ቃል ስትሰማ ጣቴን ጨበጠች።

የወፍጮ ቤቱ ሥራ የእኔ ነው። ጤፉን በጋሪ አስጭኜ እወስዳለሁ፣ አስፈጭቼ እመለሳለሁ። እኛ የምናስፈጭበት ቤት ሁለት ወፍጮ ነበረው። አንዱ ጤፍ ብቻ ይፈጫል፤ ሌላው በቆሎ፣ ስንዴና ገብስ። ስለዚህ አንጨነቅም ነበር። ከዚያኛው የቡሬ ጉዞ በኋላ የአንዱ ወፍጮ ሞተር ተቃጠለ። መለዋወጫው ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። ሁሉም እህል በቀረው ወፍጮ ሆነ።

ወፍጮ አንዱን እህል ጨርሶ ወደ ሌላው ሲያልፍ ያለፈው ሰው ዱቄት በድንጋዩና በመውረጃው ውስጥ ይቀራል፤ ከሚቀጥለው ሰው ዱቄት ጋር ይወርዳል። ይህን ማንም አይቆጥረውም፤ ዛሬ ለአንተ ይተርፋል፣ ነገ ከአንተ ይቀራል። እኔ ግን ከስንዴ በኋላ ሦስት ጤፍ ሲያልፍ አራተኛ ልገባ በልቤ ወሰንኩ። ቤት ውስጥ አልተናገርኩም። ምራቴ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። አሁን ሳስበው፣ ሌላ ወፍጮ ቤት ፈልግ እንዳትለኝም ፈርቼ ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ ሰልፉ ረጅም ነበር። አንዲት ሴት ስንዴ እያስፈጨች ነው። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ ጤፍ ይዟል፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች፣ እነሱም ጤፍ። አራተኛው እኔ ነበርኩ። እንዳሰብኩት ሆኖልኝ ደስ ብሎኝ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጎልማሳው ዞር ብሎ አየኝ።

«አባባ፣ ይምጡ፣ ይቅደሙ!»

«ተው ልጄ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ።»

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እኔ ላስፈጭ?»

«እውነቴን ነው፤ መጠበቅ እፈልጋለሁ። ደስ ብሎኝ ነው።»

«አያችሁ የድሮ ሰው?» አለ ለሰልፈኛው። «ቅደም ሲሉት እንኳ እንዴት እንደሚያፍር! እኛ ብንሆን ተጋፍተን ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። የስንዴዋ ባለቤት ጭራሽ መጥታ ጆንያዬን በጆሮው ያዘች። «አፈር ስሆን አባቴ፣ ይነሱ። የእኔ አለቀ፤ ይኸው።»

እኛ አገር እምቢታ የእሺታ መግቢያ ነው። ብላ ሲሉህ በልቻለሁ ትላለህ፤ ቅደም ሲሉህ ኧረ አይሆንም ትላለህ፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ትነሣለህ። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲሁ ስል ኖሬ የዚያን ቀን እምቢታ ከሌላው ቀን በምን ይለዩት? የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የአንቺ ስንዴ የልጅ ልጄን ያሳምማታል» ማለት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ እስከ ቅንድቧ ዱቄት ለብሳለች፤ ስንዴው ለአባቷ ተዝካር እንደሆነ ስትናገር ሰምቻለሁ። እንዲህ ባለ እህል ላይ እንዲህ ያለ ቃል እንዴት ይነገራል? ዋጥኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ጤፌ ገባ። ጤፋችን ሰርገኛ ነው፤ ዱቄቱ ጠየም ይላል። መጀመሪያ የወረደው ግን ነጭ ነበር። እየቆየ ነው የጠቆረው። ጆንያው አፍ ላይ ቆሜ ነጩንና ጠይሙን በዓይኔ አየሁ። ከዚያ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ አዋሃድኩት።

እንዲህ ነው ያደረግሁት። ለምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ነጩ ተለይቶ እንደታየኝ ቢቆይ ኖሮ ይዤው መግባት አልችልም ነበር፤ ስላዋሃድኩት ዱቄት ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር ጆንያዬ ከእኔ ቀድሞ ይገባ ነበር። «የአባባን አስቀድሙ» ይላል ፈጪው ራሱ ገና ጋሪዬን ሲያይ። ሁለት ጊዜ እንደገና እንዲሁ ሆነ። ቦታዬ ሆኖ ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ጥላ መደቡ ላይ ተጠቀለለች። «ሆዴ ይጮሃል» አለች። አስመለሳት። በማግስቱም እንዲሁ። የለቀቃት የሆድ ንፋት ተመለሰ፤ እራት ሲቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ጀመር።

ቤቱ ተረበሸ። ምራቴ ያልመረመረችው ነገር የለም። የበርበሬውን ዕቃ ገልብጣ ሸተተችው፤ ሲደቀቅ ከምን ጋር ተነካክቶ ይሆን ብላ ጠረጠረችና፣ ያን ሁሉ ቀን ተቀንጥሶ፣ ተሰጥቶ፣ ተደልዞ የተሠራ በርበሬ ለጎረቤት ሰጠችው። ባለቤቴ ስታየው እንባዋ መጣ። ሽሮውም ሄደ። ጨው ሳይቀር ተቀየረ። ዱቄቱን ግን ማንም አልጠረጠረም። ዱቄቱን የማመጣው እኔ ነኝና።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ የልጅቱን ቦርሳ ስታራግፍ የብስኩት ወረቀት ወደቀ። አንስታ ለምራቴ አሳየቻት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ወረቀት ነው እማማ። ያብረቀርቃል ብላ ከመንገድ ታነሣለች፤ ሌላም አላት፣ ደብተሯ ውስጥ ይመልከቱ።»

«ወረቀቱ ባዶውን መጣ?»

«ባዶውን ነው።»

«አንቺ አንጀትሽ አይችልም። ስታለቅስብሽ ገዝተሽላት ይሆናል። እናት ነሽ፤ እኔም እናት ነኝ፤ አውቀዋለሁ።»

«እማማ! እኔ? ለልጄ?» አለች ምራቴ። «በልጄ ሞት፣ አልሰጠኋትም!»

«አትማይባት!» ጮኸች ባለቤቴ። «በልጅቱ አትማይ!»

እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሁለቱም አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ፤ የምለው ያለኝ መስሏቸው። «ተዉ እንግዲህ፣ ተረጋጉ» አልኩ። ይህን ብቻ። ምራቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

እናገራለሁ ብዬ ነበር። ነገ እናገራለሁ፣ ልጄ ሲመጣ እናገራለሁ እል ነበር። አንድ ቀን ደግሞ በብልሃት ልወጣው ሞከርኩ።

«ይኸ ዱቄት ነቅዟል መሰለኝ፤ ለሰው ብንሰጠውስ?» አልኳት ባለቤቴን።

ክዳኑን ከፍታ አየችው። «የቱ ነቀዝ? እኔ አይታየኝም። ሂድ ወዲያ፣ በርበሬውም ሄደ፣ ሽሮውም ሄደ፣ ዱቄቱን ደግሞ ልሰጥልህ?» ብላ ዘጋችው። እኔም ተውኩት። በዚያው ሳምንት ከዚያው ዱቄት ተጋገረ፤ ልጅቱም በላች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ በላሁ።

የቡሬው ቀጠሮ ደረሰ። እኔ፣ ምራቴና ልጅቱ በሚኒባስ ተሳፈርን። ምራቴ መስኮቱ በኩል ናት፤ ልጅቱ መካከል። ከፊታችን የተቀመጠች አንዲት እናት ከቋጠሮዋ ቆሎ አውጥታ ለሁሉም ስታዳርስ ልጅቱ ጋ ደረሰች።

«እንቺ የእኔ ቆንጆ፣ ያዢ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ለእኔ አይሆንም» አለች ልጅቱ።

«ውይ! የገጠር ቆሎ ንቃብኝ ነው?»

«በሽታዋ ነው እናቴ» አለች ምራቴ። «ገብስና ስንዴ ያሳምማታል።»

ሴትዮዋ ደነገጠች። ቆሎውን ወደ ቋጠሮው መለሰች፤ መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ወይኔ ልጄን፣ እኔ ምን አውቄ» አለች። ከጎኗ ያለውንም ሰውዬ «አንተም ያዝ አድርግ፣ እንዳታራግፍባት» አለችው። እስከ ቡሬ ድረስ ማንም ቆሎ አልቆረጠመም።

ምራቴ የተናገረችው ሦስት አራት ቃል ነው። ማንም አልተቀየመም። እኔ መንገድ መንገዱን አይ ነበር።

ሐኪሟ ልጅቱን ሚዛኑ ላይ አቆመቻት። አየች። አውርዳ እንደገና አቆመቻት።

«አሥራ ስድስት» አለች።

ልጅቱ ከሚዛኑ ወርዳ ጫማዋን አደረገች።

«ምግቧ ላይ የተቀየረ ነገር አለ?» አለች ሐኪሟ።

«የለም» አለች ምራቴ። «በርበሬውንም ሽሮውንም ቀይሬያለሁ፤ ከእጄ ሌላ የሚሰጣት የለም። ብስኩት ሰጥተሻታል ይሉኛል፤ አልሰጠኋትም። ምን ላድርግ ዶክተር? ምን ቀረኝ?» አለቀሰች፤ በነጠላዋ እንኳ አልሸፈነችውም።

«ካንቺ አይደለም። ሌላ በሽታ ይሆናል። ሰኞ ባሕር ዳር ይዛችኋት ሂዱ፤ በቱቦ ይዩዋት» አለችና ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች። ልጅቱ ጣቴን ያዘች። የእኔን ጣት ነው የያዘችው፤ የእናቷን አይደለም።

«ልጄ፣ እባክሽ አትጻፊው» አልኩ።

ሐኪሟ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዱቄቱ ነው። ወፍጮው አንድ ቀርቷል፤ ስንዴውም ጤፉም በአንዱ ነው የሚፈጨው። ይቅደሙ ሲሉኝ ከስንዴ በኋላ አስፈጨሁ። ሦስት ጊዜ። አንዴ ነጩን ዱቄት አይቼዋለሁ። አይቼ አዋሃድኩት።»

እስክሪብቶው ቆመ። ምራቴ እንደ እንግዳ ሰው ታየኝ ነበር። ልጅቱ ከታች ቀና ብላ፣

«አባባ ነህ ያሳመምከኝ?» አለች።

«አዎ ልጄ። እኔ ነኝ።»

ጣቴን ወዲያው አልለቀቀችውም። ትንሽ ቆይታ ነው የለቀቀችው።

ሐኪሟ ወረቀቱን አጠፈችው፤ አልቀደደችውም። «ይህን ዛሬ ባይነግሩኝ ላልያዛት በሽታ መድኃኒት ልጀምርላት ነበር» አለች። ድምፅዋ ቁጣም ምስጋናም አልነበረውም። «አሁን ቱቦው ይቆይ። ሁለት ወር ንጹሕ ዱቄት ትብላ። ከጨመረች ጨመረች። ካልጨመረች ይህን ወረቀት ይዛችሁ በዚያው ቀን ትሄዳላችሁ።»

ቡሬ መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ ቆመን ስንጠብቅ ነው ምራቴ የተናገረችው።

«እማማ ያን ወረቀት ይዘው ሲያስለቅሱኝ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«አዎ» አለች። «መደቡ ላይ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት እንደገባን ለባለቤቴ ራሴ ነገርኳት፤ ምራቴ እንድትነግርልኝ አልፈለግሁም። ባለቤቴ እስክጨርስ ሰማችኝ። ተነሥታ የዱቄቱን ዕቃ ሁለት እጇን ዘርግታ ተሸክማ ለጎረቤት ሰጥታ ተመለሰች፤ ዕቃውንም አልመለሰችውም። ከዚያ ምራቴ ወዳለችበት ጓዳ ገባች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። የሰማሁት ሁለቱም ሲያለቅሱ ነው። ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ የወፍጮ ቤቱን ሰው አፍረህ፣ የገዛ ልጅህን ልጅ አላፈርካትም?» አለችኝ።



ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍጮ ቤት የምትሄደው ምራቴ ናት። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ቅዳሜ ጠዋት ጋሪውን ራሷ ጠርታ ሄደች። ጋሪ ነጂው እንደነገረኝ፣ ጆንያዋን ሳታወርድ ነው የተናገረችው። «ልጄ በስንዴ ትታመማለች። ሦስት ጤፍ ካላለፈ አላስፈጭም። ከዚያም ወፍጮውን እንዲጠርግልኝ ሁለት ጣሳ በቆሎ አስቀድሜ አስፈጫለሁ፤ እሱ ለዶሮ ነው» አለች። ፈጪውም «ለምን አባባ አልነገሩንም?» አለ አሉ። ጎልማሳውም፣ ያ ያስቀደመኝ፣ አዝኖ ራሱን ያዘ አሉ። እኔ ሦስት ጊዜ ያነቀኝን ነገር እሷ ቆማ ጨረሰችው።

እኔ ቤት ውስጥ ለቀማ ያዝኩ። ባቄላውን፣ አተሩን፣ ሽምብራውን ሰፌድ ላይ ዘርግቼ የገባበትን የስንዴና የገብስ ፍሬ እለቅማለሁ። ጨርሼ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። መነጽሬን አድርጌም ዓይኔን አላምነውም፤ ባለቤቴ ደግማ ታየዋለች።

ከሁሉ የከበደኝ የልጅቱ ነው። አልተቀየመችኝም። እንደ ድሮው ትስመኛለች፤ ደብተሯን ታሳየኛለች። ነገር ግን እጄ ላይ ያለ የሚበላ ነገር ስሰጣት፣ ሙዝም ቢሆን፣ ከመቀበሏ በፊት እናቷን ቀና ብላ ታያለች። እናቷ ራሷን ስትነቀንቅላት ነው የምትቀበለኝ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ ነበር። ምራቴም ከሰላምታ ያለፈ አታነጋግረኝም ነበር፤ ምግቤን አቅርባ፣ ውኃ አስታጥባኝ ትመለሳለች። ክብሬን አላጎደለችም። ይኸው ነው።

ቀኑ ሲደርስ እኔን አልጠራችኝም። ልጅቱን አለባብሳ፣ ያንን የታጠፈ ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ በጠዋት ሄደች። ካልጨመረች ከቡሬ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር ልታልፍ ተጨማሪ ልብስ ይዛለች፤ ፌስታሉን ከበሩ ሲወጣ አይቼዋለሁ።

እኔና ባለቤቴ ስልኩን መደቡ ላይ መካከላችን አስቀምጠን ተቀመጥን። ሰፌዱን ይዤ ነበር፤ ግን አልለቀምኩም። ባለቤቴ አንዴ ተነሥታ ውኃ ልትቀዳ ትወጣለች፣ ባዶውን ትመለሳለች። «አልቆ ይሆናል ባትሪው፣ እየው እስኪ» ትለኛለች። አየዋለሁ። እኩለ ቀን አለፈ። ወደ ባሕር ዳር አልፈው ከሆነ እስካሁን ዳንግላ ደርሰዋል እያልኩ መንገዱን በልቤ እቆጥራለሁ፤ ለባለቤቴ ግን አልነገርኳትም። እሷም ያንኑ ትቆጥር እንደነበር ኋላ ነግራኛለች።

ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት፤ መጀመሪያ የመኪና ጥሩምባ ብቻ ነው የሚሰማው።

«እማማ ናቸው?» አለች ምራቴ።

«እኔ ነኝ። እሷን ላቅርብልሽ?»

ስልኩን ለባለቤቴ ልሰጥ እጄን ዘረጋሁ።

«አይ፣ ይቆዩ» አለች። «አባባ፣ አሥራ ስምንት ሆናለች። ሁለት ጊዜ ነው ያስመዘንኳት። ወደ ቤት እየመጣን ነው።»

ስልኩ በጆሮዬ እንዳለ ዘጋችው። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ትወዘውዘኛለች፤ ፊቷ ዓመድ መስሏል።

«ምን አለች? ተናገር እንጂ! የት ናቸው?»

«አሥራ ስምንት» አልኳት።

«ምኑ ነው አሥራ ስምንት?»

«ልጅቱ» አልኩ። «ወደ ቤት እየመጡ ነው።»